ጭሰኞቼ ሁሉ አይነሱም

ኡፕሳላ፣ ስዊድን
ጥቅምት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድርቤ ጃራ
ጉቴ

የጌታ ሰላም ከደጃፋችሁ አይራቅ። አከም ጅርታ፣ እንደምን አለሽ? ኤሱማ ጃራስ እንዴት ነው? ጉልበቱን ተሻለው ወይ? እዚህ ሰው ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ ኤሱማዬ፣ የእናቴ ወንድም፣ መሆኑን እነግራለሁ። «ታዲያ ድርቤ የአጎትህ ልጅ ናት» ይሉኛል። እኔ እህቴ ናት እላለሁ፤ አይገባቸውም። በአፋችን በኦሮምኛ ብጽፍልሽ እወድ ነበር፤ ነገር ግን ሁለታችንም ብዕር መያዝ የተማርነው በአማርኛ ነው።

ሚሲዮኑ የላከኝ ስብከት እንድማር መሆኑን ታውቂያለሽ። ከመስከረም ወዲህ ወደ ሎጂክ ትምህርት ተዛውሬአለሁ። ለፓስተራችን ጽፌ አሳውቄአቸዋለሁ፤ አልተደሰቱም። ለኤሱማ አንቺ ደህና ቀን ጠብቀሽ ንገሪልኝ።

ምን እንደምማር ልንገርሽ፤ አስተማሪ ነሽና ይገባሻል። አራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ስታስተምሪ ከላይ ያለውን ሦስት ከታች ካለው ሦስት ጋር ታጣፊያለሽ አይደል? በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ፖላንድ አገር የነበሩ የሎጂክ ሰዎች ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ይሰላል አሉ። «ድርቤ» ሙሉ ቃል ነው፤ ስም ነው። «መጣች» ግን ጎዶሎ ነው፤ ስም ሲሰጡት ብቻ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ስለዚህ «መጣች»ን ከላይ ዓረፍተ ነገር፣ ከታች ስም እንዳለው ክፍልፋይ አድርገው ጻፉት። «ድርቤ» ስትጠጋው ስም ከስም ይጣፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይቀራል። ሐሳቡን የጀመሩት የሰዋስው መምህራን አይደሉም። ዘጠና ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ አንድ ጀርመናዊ የሂሳብ ሰው በሂሳብ ማስረጃ ውስጥ ምንም ነገር ተሸሽጎ እንዳያልፍ ብሎ ቃልን እንደ ቁጥር መመርመር ጀመረ፤ ከእሱ ነው የመጣው።

ችግሩ «ሁሉ» ነው። «ሁሉ መጣ» ስንል «ሁሉ» የሚባል ሰው የለም። ስም ስላልሆነ ከ«መጣ» ጋር አይጣፋም። ፖላንዶቹ እዚህ ሲደርሱ ስሌቱ አልሆን ቢላቸው ለብቻው አስቀምጠውት አለፉ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ገልብጠው አዩት። ግስ ስምን የሚውጥ ከሆነ፣ «ሁሉ» ደግሞ ግሱን ራሱን ይውጠዋል አሉ። እኔ የምሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ሌሊት እንኳ አይለቀኝም።

ልብስም ስንቅም አልጠይቅሽም። «ሁሉ» ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ላኪልኝ፤ ከገበያም ከትምህርት ቤትም፣ ሰው በእርግጥ የተናገራቸውን። እዚህ አማርኛ የምሰማው ከራሴ አፍ ብቻ ነው።

ወንድምሽ ነመራ


ጉቴ
ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነመራ

በሰው አገር ሞገስ የሚሰጥ አምላክ ፊቱን ያብራልህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ሲያባራ የአባቴም ጉልበት ተሻለው። የስብከቱን ነገር ነገርኩት። «ቃል ያጠና ሰው ከእግዚአብሔር ነገር ብዙ አልራቀም» አለ። ከዚያ ደግሞ «ሲመለስ ግን ምን ብለው ይቀጥሩታል?» አለኝ።

ከውጭ አገር ዓረፍተ ነገር የሚለምን ዘመድ ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። እንግዲህ እንካ። ባለፈው የገበያ ቀን ዳይሬክተራችን አቶ ሽብሩ ግቢ ውስጥ አገኙኝና «ልጆቹ መጡ?» አሉኝ። «ልጆቹ ሁሉ አልመጡም» አልኩ። «እንግዲያው ክፍሉን ቆልፊና ነይ፣ ጽሕፈት ታግዢኛለሽ» አሉኝ። ለካ ማንም አልመጣም ያልኩ መስሏቸዋል! ግማሹ ክፍል ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነበር።

ትልቁን ወሬ ለመጨረሻ አቆየሁት። የባለመሬታችን የቀኛዝማች ወልደሩፋኤል ልጅ ትራክተር አመጣ። መሬቱን ከወንዙ እስከ መንገዱ አንድ ላይ ሊያርሰው ነው ተባለና ሠላሳውም ጭሰኛ እንቅልፍ አጣ። አባቴ ሰዉን አስተባብሮ እስከ አዲስ አበባ የሚሄድ አቤቱታ አዘጋጀ። ቀኛዝማቹ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌ ላኩ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በጸሎት ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። ቀኛዝማች ብድግ አሉና «አቤቱታውን ተዉት። እኔም በፈጠረኝ አምላክ ስም እላችኋለሁ፤ ጭሰኞቼ ሁሉ ከመሬቴ አይነሱም» አሉ። በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ያልሰማ፣ ያልገባውም ሰው አልነበረም። አባቴ አቤቱታውን እዚያው ፊታቸው ቀደደው። ሴቶች እልል አሉ፣ ወይፈን ታረደ፣ ሰው ተቃቀፈ።

«ሁሉ» ካለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ምርጡ ይህ ነውና ለአስተማሪዎችህ አሳያቸው።

እህትህ ድርቤ


ኡፕሳላ
ጥር 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድርቤ

ይህን ያህል ደስታ በአንድ ፖስታ ስለላክሽልኝ ጌታ ያክብርሽ። እኔ ከብርዱ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም።

የአቶ ሽብሩን ነገር ስነግራቸው አብረውኝ የሚማሩት በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ የቀኛዝማቹን ቃል በሰሌዳው ላይ ጽፌ ተረጎምኩላቸው። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም! ተመልከቺ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለት ዋጮች አሉ። አንዷ «ሁሉ» ናት። ሌላዋ «አይነሱም» ውስጥ የተሸጎጠችው «አይ» ናት። የትኛዋ የትኛዋን እንደምትውጥ ቃሉ ራሱ አይናገርም። «አይ» ቀድማ ግሱን ከዋጠች፣ «ሁሉ» ደግሞ ከላይ መጥታ ሁለቱን ከዋጠች፣ እያንዳንዱ ጭሰኛ አይነሳም፤ አንድም ሰው አይነካም። «ሁሉ» ቀድማ «ይነሳሉ»ን ከዋጠች፣ «አይ» ከላይ ከመጣች ግን፣ «ሁሉም ይነሳሉ ማለት ሐሰት ነው» ከማለት አያልፍም። ለዚህኛው አንድ ሰው ከቀረ ይበቃል። ሃያ ዘጠኙ ተነሥተው አንዱ ቢቀር ቀኛዝማቹ ቃላቸውን አላጠፉም! አንቺ ለአቶ ሽብሩ ያልሻቸው ሁለተኛውን ነበር፤ እሳቸው የሰሙት የመጀመሪያውን።

ፕሮፌሰሩ በጽሑፍ አድርገህ አምጣው ብለውኛል። እዚህ «የጭሰኞቹ ዓረፍተ ነገር» ይሉታል። ጉቴ የት እንዳለች የማያውቁ ሰዎች ስለ እናንተ እየተከራከሩ መሆኑን ለኤሱማ ንገሪው፣ ይሳቅ። ሌላም ካለ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ነመራ


ጉቴ
መጋቢት 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነመራ

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ደብዳቤህን ከፖስታ ቤት እንደተቀበልኩ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ማታውኑ ለአባቴ በኦሮምኛ እየመለስኩ ነገርኩት። ሃያ ዘጠኙ ተነሥተው አንዱ ቢቀር ያልከው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።

«ይህን ለጨዋታ ነው የጻፈው?» አለ።

«ለትምህርቱ ነው» አልኩ።

«ታዲያ እዚያ ያሉት ሰዎች ሲሰሙ ደነገጡ?»

ደብዳቤህን እንደገና አገላበጥኩ። መደነቃቸውን እንጂ መደንገጣቸውን አልጻፍክልኝም።

በማግስቱ ሁለታችን ወደ ቀኛዝማቹ ግቢ ሄድን። ሌላ ነገር አልለመንናቸውም፤ ያንኑ ቃል «አንድም ጭሰኛ አይነሳም» ብለው በሽማግሌ ፊት እንዲደግሙልን ብቻ። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉ። እኔም እንደ አስተማሪ አስረዳኋቸው። አንዱን ትርጉም ከሌላው ለይቼ፣ አንተ በጻፍክልኝ መንገድ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጌ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ በጥሞና ያዳምጠኝ ነበር። ቀኛዝማች ጥቂት ፈገግ አሉና «የተናገርኩትን ተናግሬአለሁ፤ በቃሌ ላይ ቃል አልጨምርም» አሉ። ልጃቸው እስከ በር ሸኘን። ከዚያ ቀን በፊት ሸኝቶን አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ማስጠንቀቂያ መጣ። ከሠላሳው ቤተሰብ ሃያ ስምንቱ ዝናቡ ሳይገባ መሬቱን ይልቀቅ ይላል። የቀሩት የቀኛዝማቹ ዘበኛና የወጥ ቤታቸው ሠራተኛ ባል ናቸው። ሁለቱም ጭሰኞች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሄደው «ምነው፣ ምለውልን አልነበረም?» ቢሏቸው፣ «ሁሉ አይነሱም አልኩ እንጂ ማንም አይነሳም መች አልኩ? የጃራ ልጅ ታስረዳችሁ» አሏቸው።

አባቴና ሰዎቹ ከሰዋል። ጉዳዩ በሰኔ ይሰማል። አሁን የምለምንህን ስማኝ። ለችሎቱ የሚቀርብ አንድ ወረቀት ጻፍልን፤ ከትምህርት ቤትህ ማኅተም ብታስመታበት ይበልጥ ይከበራል። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ትርጉም ብቻ አለው በል፤ አንድም ሰው አይነሳም ማለት ነው በል። ሌላ አትጨምር። ስለ ዋጪና ስለ ተዋጪ አትጻፍ። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ትታመናለህ።

ድርቤ


ነቀምቴ
ግንቦት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ነመራ ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ወረቀቱ አልደረሰኝም። ነቀምቴ የመጣሁት ፖስታ ቤቱን ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ምንም የለም አሉኝ። ታመህ እንደሆነ ጻፍልኝ። ካልታመምክ ደግሞ ምን እንደያዘህ ጻፍልኝ። ስለ ቤታችን ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

ድርቤ


ኡፕሳላ
ግንቦት 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለድርቤ

የተገፉትን የሚያይ አምላክ በመካከላችሁ ይቁም። አልታመምኩም። አንቺ እንዳልሽኝ አድርጌ ጻፍኩት፤ ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና ቀደድኩት። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ትርጉም እንዳለው በሰሚናሩ ፊት ተናግሬአለሁ፤ ጽሑፌም ሊታተም ነው። አንድ ብቻ ነው ብዬ በማኅተም ብልክልሽ ሐሰተኛ ምስክር መሆኔ ነው። ጃራ ቤት ያደግሁ ሰው ይህን እንዴት አደርጋለሁ?

ስለዚህ እውነቱን ጻፍኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱን ትርጉሞች አስቀምጫለሁ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ዋናው ነገር አለ። ተናጋሪው ይህን ቃል የተናገረው ሰዎቹ አቤቱታቸውን እንዲተዉ ነው። «ከእናንተ አንዳንዱን አስቀራለሁ» ቢላቸው ኖሮ ማንም አቤቱታ አይቀድም ነበር። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ባይለይም፣ ውሉ ይለያል፤ ተናጋሪው የሚታሰረው ሰሚዎቹ በተረዱት ትርጉም ነው ብያለሁ። ማኅተም አለበት። ጠበቃችሁ ሁለተኛውን ገጽ አጥብቆ ይያዝ።

ኤሱማን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ነመራ


ነቀምቴ
ሐምሌ 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለነመራ

እግዚአብሔር በጤና ያኑርህ። ጠበቃ እንዳለን ማን ነገረህ? የቆምኩት እኔ ነኝ፤ የሰዎቹ ወኪል ሆኜ። ጠበቃ የነበራቸው ቀኛዝማቹ ናቸው።

ወረቀትህ ለችሎቱ ቀረበ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ። ገና ሳይጨርስ የቀኛዝማቹ ጠበቃ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህ እኛ ያመጣነው ማስረጃ አይደለም። የጻፈው የከሳሽ የእኅት ልጅ ነው» አለ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለት ትርጉም አለው ይላል?»

«ይላል፣ ግን ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ...»

«ይላል ወይስ አይልም?»

«ይላል።»

«ከሁለቱ አንዱ ተከሳሹ የሚሉት ነው?»

«ነው።»

«እንግዲያው ተከሳሹ ቃላቸውን አላፈረሱም» አሉና መዝገቡን ዘጉት። ሁለተኛው ገጽህ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ማንም አላነበበውም። ከፈለግህ መጥተህ ታነበዋለህ።

ነመራ፣ እውነት መጻፍህን አልክድም። ግን ስማኝ። ቀኛዝማች በችሎቱ ፊት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። አፍ የሆንክላቸው አንተ ነህ። መጀመሪያም ትርጉሙን ከእኔ አፍ ሰሙት፤ እኔ ደግሞ ከአንተ። ያን ደብዳቤ ያነበብኩበትን ቀን እረግማለሁ። አንተ ግን እዚያ ጽሑፍህ ይታተምልሃል። የእኛ ስምም «የጭሰኞቹ ዓረፍተ ነገር» ሆኖ ይቀራል።

ከችሎቱ ስንወጣ ከሰዎቹ አንዱ፣ ዋቅወያ፣ ከወረቀትህ በእጄ የቀረውን ግልባጭ ማኅተም እንዳሳየው ጠየቀኝ። ረጅም ጊዜ አየውና «ያምራል» አለኝ።

ድርቤ


ኡፕሳላ
ኅዳር 7 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድርቤ

የሚያጽናና አምላክ ያጽናናሽ። ይህን ያህል ወራት ሳልጽፍልሽ መቆየቴን ይቅር በዪኝ። የምጽፈው ሁሉ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ እንደ ሰበብ ይታየኝ ነበር።

ሐሰት ብጽፍ ኖሮ ታሸንፉ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ያ ጠበቃ ሐሰቱን ቢደርስበትስ እላለሁ። አንዱንም አላውቅም። ጽሑፌ ታትሟል። እዚሁ ቀርቼ እንዳስተምር ጠይቀውኛል፤ መልስ አልሰጠሁም። ከኤሱማ ጋር ሳልመክር አልሰጥም።

ስለ እሱ በመጨረሻው ደብዳቤሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ሁለቴ ሦስቴ አገላብጬ ፈለግሁ። የት ነው ያለው? ማን ቤት ተጠጋ? ተቆጥቶኝ ከሆነም ቁጣውን በአንቺ እጅ ያስጽፍልኝ። አንድ መስመር ብቻ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ» ብሎ ይጀምርና የፈለገውን ይበለኝ።

ነመራ


ጉቴ
የካቲት 26 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለነመራ

ደብዳቤህን ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው፤ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ጠበቀኝ። እኔ ጉቴ አልነበርኩም።

እንግዲህ ያልጻፍኩልህን ልጻፍልህ። ችሎቱ ገና ሳይሰማ፣ በግንቦት፣ ቤታችን ፈርሷል። አባቴ ማገሩንና ወራጁን ራሱ ነቀለው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። ወረቀትህን ስጠብቅ ይህን ብጽፍልህ ብዕሩን ታስቀምጥ ይሆን ብዬ ተውኩት። ከፍርዱ በኋላ ከዋቅወያና ከሌሎቹ ጋር ወደ ጊዳ አያና ቆላ ወረደ። ባዶ መሬት አለ፣ ጫካ የመነጠረ ያርሳል ተብሎ ነበር። መሬቱ አለ። ወባውም አለ። «በዕረፍትሽ መጥተሽ እስክታዪኝ ድረስ ደህና ነኝ» እያለ ይልክብኝ ነበር። በታኅሣሥ «አባትሽን ድረሺለት» የሚል መልእክት ሲመጣ ከአቶ ሽብሩ ፈቃድ ለምኜ ሄድኩ።

ቁጣውን ወይም በረከቱን እንድልክልህ ጠይቀሃል። በመጨረሻዎቹ ቀናት በትኩሳቱ መሃል አንተን ጠርቶህ ነበር። በስምህ ጠርቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ምን እንዳለ አልነግርህም። ብነግርህ አስቀምጠህ ትመረምረዋለህ። እንዳለ ከእኔ ጋር ይኑር።

ጥር ሲገባ ሞተ። ከእናቴ ከወርቂቱ ጎን እንድንቀብረው ነግሮን ነበርና እዚያ ቆላ ልንቀብረው አልፈለግንም። ከአያና በቆሎ የሚጭን አንድ ጉራጌ ነጋዴ፣ ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ጆንያዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ አስከሬኑን በጭነት መኪናው አስገባልን። መንገድ ላይ ኡኬ ከተማ ሲቆም የገዛ ጋቢውን አውጥቶ አለበሰው። ጉቴ ስንደርስ ወርዶ አብሮን አለቀሰ።

መቃብሮቹ የነበሩበት ዳርቻ ታርሷል። ከወንዙ እስከ መንገዱ አንድ ማሳ ሆኗል። ሾላው ተቆርጧል፣ አጥሩ የለም፤ የእናቴ መቃብር ከየት እንደነበረ የምናመለክትበት አንዳች ነገር አጣን። ትራክተሩን የሚነዳው የሸዋ ሰው አየንና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ቆቡን አውልቆ ቀረበ።

«ድንጋዮች ነበሩ እዚህ» አልኩት።

«አዎ፣ ወደ ዳር ያወጣኋቸው እኔ ነኝ» አለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። «መቃብር ነው ያለኝ ሰው የለም፣ እህቴ። ከየት እንዳነሣኋቸው ብትገድዪኝ አላስታውስም።»

ዋቅወያ በርምጃው ለክቶ እዚህ ነው አለ። ሌላው የለም እዚያ ነው አለ። መጨረሻ ላይ እኔ ዝም ብዬ በእግሬ ነካሁና «እዚህ» አልኩ። ሹፌሩ አካፋ ይዞ ከእኛ እኩል ቆፈረ። ልንጨርስ ስንል የቀኛዝማቹ ዘበኛ መጣ፤ ያ ከመሬቱ ካልተነሱት አንዱ። ቁልቁል እያየ «ቅበሩ ብለዋል። ድንጋይ ግን አታቁሙበት ብለዋል» አለን። አላቆምንም። ዘምረን፣ ጸልየን፣ አፈሩን በእጃችን አስተካክለን ሄድን።

እዚያ ቅር ወይም ና አልልህም፤ ራስህ ወስን። ብትጽፍልኝ አነበዋለሁ፤ መልስ ግን አትጠብቅ። ለቅሶህን እዚያው ጨርስ፤ መጥተህ የምታለቅስበት ቦታ የለም። ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ማሳውን ሌላ ሹፌር ሲያርስ አየሁ። መቃብሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ አርሶት አልፏል።

ድርቤ ጃራ